ያለ ተሳቢ የሚነዳ ጎታች መኪና

ያለ ተሳቢ የሚነዳ ጎታች መኪና የሚባለው ግማሽ ተሳቢ ለመጎተት የተሠራ ከባድ መኪና ተሳቢውን ፈትቶ ብቻውን ሲጓዝ ነው። ሾፌሩ ተሳቢውን ማራገፊያ ቦታ ትቶ ሲመለስ፣ ሌላ ተሳቢ ለማምጣት ሲሄድ ወይም መኪናውን ወደ ጋራዥ ሲወስድ ይህ ያጋጥማል። መኪናው አጭርና ቀላል ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው ከባለ ተሳቢው ያነሰ አደገኛ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ፍሬኑና የክብደት ክፍፍሉ የተቀመረው ከነተሳቢው እንዲሠራ ታስቦ በመሆኑ፣ በተለይ በእርጥብ ቁልቁለትና በኩርባ ላይ የራሱ የሆነ አደጋ አለው። በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት መኪናው ተሳቢ አለመጎተቱ የባለቤቱን ኃላፊነት አይቀንሰውም።

አሠራሩ

ግማሽ ተሳቢ ከፊት በኩል የራሱ ጎማ የለውም። የፊት ክፍሉ በጎታቹ ጀርባ ላይ ባለው ክብ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ከጭነቱ ክብደት ከፊሉ የሚያርፈው በጎታቹ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ይህ በአገራችን በብዛት ከሚታየው፣ የራሱ የጭነት አካል ካለው መኪናና ከኋላው ከሚጎተተው ሙሉ ተሳቢ የተለየ ነው። ባለ ሙሉ ተሳቢው መኪና ተሳቢውን ቢፈታም በራሱ አካል ላይ ጭነት ሊይዝ ይችላል። የግማሽ ተሳቢ ጎታች ግን ተሳቢው ሲፈታ ከጋቢናው በስተኋላ የሚቀረው ሻንሲ፣ ጎማና መጋጠሚያ ብቻ ነው።

ተሳቢው ሲፈታ የክብደቱ ሚዛን ይለወጣል። ሞተሩና ጋቢናው ከፊት ስለሆኑ አብዛኛው ክብደት በፊት ጎማዎች ላይ ይሆናል፤ መኪናውን የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ግን እጅግ ይቀልላሉ።

የአደጋው መንስኤዎች

ጎማ መንገድን የሚይዘው በላዩ ባለው ክብደት ልክ ነው። የኋላ ጎማዎች ፍሬን ብዙ ቶን ጭነት ለማቆም የሚበቃ ኃይል ስላለው፣ ክብደት በሌለበት ጊዜ ሾፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ ቢረግጥ ጎማዎቹ መሽከርከር ያቆሙና ይንሸራተታሉ። የሚንሸራተት ጎማ አቅጣጫ አይጠብቅም፤ የመኪናው ኋላ ወደ ጎን ይወጣና መኪናው መንገዱን አቋርጦ ሊዞር ይችላል። በከባድ ማርሽ ወይም በሞተር ፍሬን ሲወረድም ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ይችላል፤ ምክንያቱም የሞተር ፍሬን የሚይዘው እነዚያኑ የቀለሉትን የኋላ ጎማዎች ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ሳይታወቅ የሚያልፈው ነገር ዝናብ፣ ጭቃ ወይም ጠጠር ሲኖር ይገለጣል።

ለዚህ ችግር የተገኘው ዋና መፍትሔ የጎማ መቆለፍን የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት፣ በተለምዶ ኤቢኤስ የሚባለው ነው። በአሜሪካ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ ጎታቾች ግዴታ ሆኗል። የዚያ አገር የፍሬን መስፈርት ጎታቹን ከነጭነቱም ያለ ተሳቢም ለየብቻ ይፈትናል፤ በአሁኑ መስፈርት በሰዓት ወደ 97 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መደበኛ ጎታች ከነጭነቱ በ76 ሜትር ገደማ፣ ያለ ተሳቢ ደግሞ በ72 ሜትር ገደማ ውስጥ መቆም አለበት። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ልብ ይሏል። ብዙ እጥፍ የሚቀልል መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ከከባዱ ጋር ሊቀራረብ ይችላል ማለት ነው። ኤቢኤስ የሌለው ወይም የተበላሸበት አሮጌ ጎታች ከዚህም የባሰ ርቀት ሊያስፈልገው ይችላል።

የሊማሊሞ መንገድ ምሳሌ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ አዲ አርቃይ፣ ማይ ፀብሪና ሽሬ የሚወስደው መንገድ ይህን አደጋ ለመረዳት ይጠቅማል። እስከ ደባርቅ ያለው ክፍል በደጋ ላይ የሚሄድ ነው። ከደባርቅ በስተሰሜን ግን መንገዱ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሊማሊሞ ከጥንት ጀምሮ ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጡ ነጋዴዎች መውጫ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. በዚሁ አልፏል። ለመኪና የሚሆነው ጠመዝማዛ መንገድ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው።

በዚህ መንገድ ሁለት ዓይነት አደጋ ይገናኛል። ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና የሚሰጋው ፍሬኑ እንዳይግል ነው፤ ታምቡሩና ሸራው ከመጠን በላይ ሲሞቁ ፍሬን መያዝ ያቆማል። ያለ ተሳቢ የሚወርድ ጎታች ግን የሚሰጋው መንሸራተትን ነው። የክረምት ዝናብና ጉም መንገዱን ሲያረጥቡና እይታን ሲጋርዱ፣ ከኩርባ በስተጀርባ ከብት ወይም የገበያ መንገደኛ በድንገት ሲያጋጥም፣ አጥብቆ ፍሬን መያዝ መኪናውን ወደ ገደሉ ወይም ወደ ተቃራኒው መስመር ሊወረውረው ይችላል። ጭነት ይዞ በጥንቃቄ የወረደ ሾፌር ባዶውን ሲመለስ ተዝናንቶ ፍጥነት መጨመሩ ጉዳዩን ያባብሰዋል።

መንገዱ ለአገሪቱ ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም የእርዳታ መኪኖች በጎንደር በኩል ወደ ማይ ፀብሪ ተጉዘዋል።

የፍትሐ ብሔር ኃላፊነት

በኢትዮጵያ የተሽከርካሪ ጉዳት ካሣ መሠረቱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ባለቤቱ ነፃ የሚሆነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደነበረ ካስረዳ ነው። በቁጥር 2086 መሠረት «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «የአደጋው ምክንያት አይታወቅም» ብሎ መከራከር አይበቃም፤ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ካሣው ሊቀር ወይም ሊቀነስ ይችላል።

ያለ ተሳቢ ለሚነዳ ጎታች የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። «መኪናው ሥራ ላይ አልነበረም»፣ «ጭነት አልያዘም»፣ «ሾፌሩ ለራሱ ጉዳይ ነው የሄደው» የሚሉት ምክንያቶች ተጎጂው በባለቤቱ ላይ የሚያቀርበውን ጥያቄ አያስቀሩም። ሕጉ የሚጠይቀው መኪናው የማን ነው ብሎ እንጂ ምን ይጎትት ነበር ብሎ አይደለም።

ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ቁጥር 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ እያንዳንዱ ባለቤትም የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይከፍላል። ለምሳሌ አንድ ጎታችና አንድ ሚኒባስ ተጋጭተው ጠቅላላ ጉዳቱ 600,000 ብር ቢሆን የእያንዳንዱ ድርሻ 300,000 ብር ነው። አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑ ከተረጋገጠ ይህ ግምት ይፈርሳል። በመሆኑም የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣው የአደጋ ፕላን፣ የጎማ መንሸራተት ምልክትና የፍሬኑ ምርመራ ወሳኝ ማስረጃዎች ናቸው። ዝናብ ምልክቱን ሳያጥበው መመዝገብ ይኖርበታል።

የካሣው መጠን ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ሕጉ ያዝዛል። ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ የጠፋባቸውን መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን በቁጥር 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም። ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው (ቁጥር 2143)፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ረዥሙ ጊዜ ይሠራል።

የሦስተኛ ወገን መድን

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ወስኖ ነበር። ከመድኑ ጣሪያ በላይ የሆነው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለቤቱ ይጠየቃል። ጉዳት አድርሶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ።

የመኪናው ረዳት በሥራ ላይ እያለ ቢጎዳ ጉዳዩ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ ላይ ጉዳት በተደነገገው መሠረት ይታያል።

የወንጀል ተጠያቂነት

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሾፌር ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጠብቀዋል። የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ሾፌሩ ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከነዳ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ተጎጂው በወንጀሉ መዝገብ ላይ የካሣ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ሾፌሩ ከወንጀሉ በነፃ ቢሰናበትም የካሣው ክስ በዚያ አያበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 መሠረት የወንጀል ችሎት ነፃ ማለቱ የካሣውን ዳኛ አያስገድደውም።

በውጭ አገር

በአሜሪካ በከባድ መኪና ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን በርካታ ናቸው። በዚያ ዋናው ክርክር የትኛው መድን ይከፍላል የሚለው ነው። ከክልል ክልል ተራ ጭነት የሚያጓጉዝ ድርጅት ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት ዋስትና ሊኖረው ይገባል። የራሱን ጎታች ለድርጅት ያከራየ ሾፌር ግን ተሳቢውን ፈትቶ ለግል ጉዳዩ ሲነዳ የድርጅቱ መድን ላይሸፍነው ስለሚችል፣ ለዚያ ጊዜ የሚሆን የተለየ መድን ይገዛል። ሾፌሩ በዚያ ሰዓት በድርጅቱ ትእዛዝ ይጓዝ ነበር ወይስ በራሱ ጊዜ የሚለው ጥያቄ ብዙ ክስ ያስነሣል። በኢትዮጵያ ሕግ ግን ኃላፊነቱ የሚከተለው የመኪናውን ባለቤት በመሆኑ ተጎጂው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መፍታት አይጠበቅበትም።

ጥንቃቄ

ያለ ተሳቢ የሚነዳ ሾፌር ከፊቱ ካለው መኪና ሰፋ ያለ ርቀት መጠበቅ፣ ኩርባ ውስጥ ሳይገባ ፍጥነት መቀነስ፣ ፍሬንን በአንድ ጊዜ አጥብቆ ከመርገጥ መቆጠብና በእርጥብ መንገድ ላይ የሞተር ፍሬንን በጥንቃቄ መጠቀም ይኖርበታል። ባለቤቱም የኋላ ጎማዎችን ጥርስና የኤቢኤሱን መሥራት በየጊዜው ማስፈተሽ አለበት። እግረኞችና የሚኒባስ ሾፌሮች ደግሞ ብቻውን የሚመጣ ጎታች እንደ ትንሽ መኪና በቶሎ ይቆማል ብለው መገመት የለባቸውም።