ከመኝታ በፊት የነበረው ሳቅ

እ.ኤ.አ. በ1962 ጆኒ ካርሰን የኤንቢሲን «ቱናይት ሾው» ተረከበ። ለ30 ዓመታት ያህል ብዙ አሜሪካዊ ስቆ የሚተኛው በእሱ ቀልድ ነበር። በ1992 ሲሰናበት ወንበሩ ለጄይ ሌኖ ተሰጠ፤ ቅር የተሰኘው ዴቪድ ሌተርማን በዓመቱ ሲቢኤስ ገባ፤ ተመልካቹም ጎራ ለየ። በ2010 ኮናን ኦብራያን ስምንት ወር እንኳ ሳይቀመጥበት ወንበሩን ሊያጣ ሲል ደጋፊዎቹ በዝናብ ሰልፍ ወጡለት።

ዛሬ ማን አምሽቶ ይጠብቃል? ቀልዱ ተቆራርጦ ጠዋት ስልክ ላይ ይገኛል። ሲቢኤስ በ2025 «ሌት ሾው» እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ የተነሳው ቁጣ ግን ፍቅሩ እንዳልሞተ አሳይቷል። የጠፋው አብሮ ማምሸቱ ነው። እኛስ ላውንጅ ውስጥ ተጨናንቀን ያየነውን እስካሁን የምናወራው ለምን ሆነና?