የማስፋፊያ ቫልቭ

የማስፋፊያ ቫልቭ በአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) እና በትላልቅ ፍሪጆች ውስጥ የሚገኝ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለውን ፈሳሽ የማቀዝቀዣ ጋዝ በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ወደ ኢቫፖሬተር የሚገባውንም መጠን ይቆጣጠራል። ይህ ጽሑፍ በተለይ በመኪና ኤሲ ውስጥ ስላለው፣ በመዳፍ ስለሚያዘው ዓይነት ያትታል።

ሥራው

የመኪና ኤሲ አንዱን ጋዝ ደጋግሞ የሚያዞር ዝግ መሥመር ነው። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ አስወጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር ደግሞ ፈሳሹን እያተነነ የተሳፋሪውን አየር ያቀዘቅዛል። የማስፋፊያ ቫልቩ የሚገኘው ከኢቫፖሬተሩ መግቢያ ላይ ነው። በብዙ መኪኖች ያለውን አር-134ኤ የተባለውን ጋዝ ብንወስድ፣ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈሳሽ ሲሆን ግፊቱ 13 ባር ያህል ነው፤ በ0 ዲግሪ ሲተን ግን ወደ 2.9 ባር ይወርዳል። ይህ ሁሉ ልዩነት የሚፈጠረው በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ነው። ግፊቱ ሲወርድ ከፈሳሹ የተወሰነው ወዲያው ይተናል፤ ለመትነን የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከቀሪው ፈሳሽ ይወስዳል። የሸክላ እንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ በሸክላው በኩል ያላበው ውኃ ሲተን ሙቀቱን ከእንስራው ይዞ ይሄዳል።

ግፊት ለመቀነስ ብቻ ቢሆን ቀጭን ቱቦ ይበቃ ነበር። የቤት ፍሪጅ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። መኪና ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል፣ ማታ ይነዳል፣ ኮምፕረሰሩም ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ስለተያያዘ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ጋዙ ካነሰ የኢቫፖሬተሩ ግማሽ ሥራ ፈቶ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ ያልተነነ ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል፤ ፈሳሽ እንደ ጋዝ ስለማይጨመቅ የኮምፕረሰሩን የውስጥ ክፍሎች ሊሰብር ይችላል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ የሆነው ኮምፕረሰር ደኅንነቱ በዚህች ትንሽ ዕቃ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የኃይሎች ሚዛን

ቫልቩ የሚቆጣጠረው ቅዝቃዜውን በቀጥታ አይደለም። ከኢቫፖሬተሩ የሚወጣው ጋዝ ከመትነኛው ነጥብ በላይ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ ይለካል። ይህ ትርፍ ሙቀት ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ እንዲሆን ይፈለጋል። ዜሮ ከሆነ በጋዙ ውስጥ ያልተነነ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል፤ በጣም ከበዛ ኢቫፖሬተሩ ጠግቦ አልተመገበም ማለት ነው።

ልኬቱ የሚከናወነው ያለ ኤሌክትሪክ ነው። ዲያፍራም ከሚባል ስስ የብረት ሽፋን በላይ የታሸገ ጋዝ አለ፤ ይህ ጋዝ የሚወጣውን ጋዝ ሙቀት እየተከተለ ዲያፍራሙን ወደ ታች ይገፋል፣ ቫልቩንም ይከፍታል። ከታች በኩል የኢቫፖሬተሩ ግፊትና አንድ ሞላ ወደ መዝጋት ይገፋሉ። በቁጥር እንየው። ኢቫፖሬተሩ በ0 ዲግሪ ላይ ሆኖ ግፊቱ 2.93 ባር ይሁን፤ የሚወጣው ጋዝ 6 ዲግሪ ደርሷል እንበል። የታሸገውም ጋዝ አር-134ኤ ቢሆን፣ በ6 ዲግሪ ግፊቱ 3.62 ባር ይሆናል። ልዩነቱ 0.69 ባር ነው። የዲያፍራሙ ስፋት 5 ካሬ ሴንቲሜትር ከሆነ ሞላው መቋቋም ያለበት ኃይል 35 ኒውተን ገደማ ነው፤ ይህም 3 ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት ነው። የሞላው ጥንካሬ ትንሽ ቢሳሳት ትርፍ ሙቀቱም አብሮ ይሳሳታል።

የኮምፒውተር ተማሪ ይህን ሲያይ የሚያውቀውን የግብረ መልስ ዑደት ያገኘዋል፤ ከነችግሩም ጭምር። ቫልቩ ሲከፈት ውጤቱ መውጫው ላይ የሚታየው ጋዙ ኢቫፖሬተሩን ዞሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ቫልቩ ቸኩሎ ምላሽ ከሰጠ ከልክ በላይ ይከፍታል፣ ከዚያ ከልክ በላይ ይዘጋል፣ እንዲህ እያለ ይዋዥቃል። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ሙቀት የሚለካውን ዘንግ ሆን ብለው በፕላስቲክ ይሸፍኑታል፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ እንዲደርስ።

ከቀፎ ወደ ብሎክ

በዓለም ታዋቂ ከሆኑት የዚህ ቫልቭ አምራቾች አንዱ የዴንማርኩ ዳንፎስ ነው። ማድስ ክላውሰን በ1933 እ.ኤ.አ. በአልስ ደሴት፣ በወላጆቹ የእርሻ ቤት ነበር ሥራውን የጀመረው፤ የመጀመሪያ ምርቱም የማስፋፊያ ቫልቭ ነበር። በቀድሞው አሠራር ሙቀት የሚለካው ክፍል ከቫልቩ የተለየ የመዳብ ቀፎ ሲሆን፣ በመውጫው ቱቦ ላይ ታስሮ በፀጉር ቀጭን ቧንቧ ከቫልቩ ጋር ይገናኛል። በሕንፃ ማቀዝቀዣዎች ዛሬም አለ። በመኪና ላይ ግን ንዝረት ቀጭኗን ቧንቧ ይሰብራል፣ እስሩ ይላላል፣ በየመገጣጠሚያውም ጋዝ ያፈስሳል።

መፍትሔው ሁሉንም በአንድ የአሉሚኒየም ብሎክ ውስጥ መክተት ሆነ። ብሎኩ ሁለት መንገዶች አሉት፦ በአንዱ ፈሳሹ ወደ ኢቫፖሬተር ይገባል፣ በሌላው ጋዙ ይመለሳል። ሁለቱን የሚያቋርጠው ዘንግ የሚመለሰውን ጋዝ ሙቀት እየወሰደ ለዲያፍራሙ ያደርሳል። ቅርጹ የላቲኑን ኤች ፊደል ስለሚመስል ኤች-ብሎክ ይባላል። የማነሱ ዋና ጥቅም ቦታ መቆጠቡ ይመስላል፤ ትልቁ ጥቅም ግን የሚሰበረው ቧንቧና የሚላላው እስር ጨርሶ መቅረታቸው ነው።

አመራረት

ብሎኩ ከአሉሚኒየም ዘንግ ተቆርጦ በሲኤንሲ ማሽን ይበሳል። ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የብረት ኳሷ የምታርፍበት መቀመጫ ነው፤ ከመቦርቦሩ የቀረች ቅንጣት በኳሷና በመቀመጫው መካከል ከገባች ቫልቩ ፈጽሞ አይዘጋም። በመሆኑም አጠባው ከመቦርቦሩ እኩል ይታሰብበታል። ዲያፍራሙ ከስስ የማይዝግ ብረት በክብ ሞገዶች ተጨምቆ ይሠራል፤ ሞገዶቹ ሳይሰነጠቅ ብዙ ጊዜ እንዲተጣጠፍ ይረዱታል። ከዚያ በሁለት ክዳኖች መካከል ዙሪያውን ይበየዳል፣ ጋዝ ተሞልቶ ይታሸጋል። ፍሳሽ በሂሊየም ይፈተሻል፤ የሂሊየም አቶም እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሌላ ጋዝ በማያልፍበት ስንጥቅ ያልፋል። በመጨረሻም የመለኪያው ክፍል በታወቀ ሙቀት፣ ለምሳሌ በ0 ዲግሪ፣ ላይ ሆኖ የሞላው ብሎን ይስተካከልና ይቆለፋል።

ጋዙ ሲለወጥ ይህ ስሌት እንደገና ይሠራል። የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳው አር-12 ከ1987 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ ለአር-134ኤ ቦታውን ለቀቀ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ አር-134ኤን ስለከለከለ አር-1234ዋይኤፍ ተተካ።

ኢንቨርተር በሆኑ የቤት ኤሲዎች ዲያፍራሙ ቀርቶ በደረጃ የሚዞር ሞተር መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ማግኔቱ በታሸገው ቱቦ ውስጥ፣ ጠምዛዛ ሽቦው ከውጭ ስለሆነ ጋዝ የሚያፈስስ የዘንግ ቀዳዳ የለውም።

ብልሽትና ምርመራ

ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም በየጋራዡ የተለመደው መልስ ጋዝ መሙላት ነው። ተዘግቶ የቀረ ቫልቭ ግን ከጋዝ ማነስ ጋር ይመሳሰላል፦ በሁለቱም ዝቅተኛው ግፊት ይወርዳል። በዚህ ላይ ጋዝ ቢጨመር ከፍተኛው ግፊት ይጨምራል፣ ዝቅተኛው እንደወረደ ይቀራል፣ ባለቤቱም ደጋግሞ ይከፍላል። የሚያስተማምነው መንገድ ጋዙን በማሽን መልሶ አውጥቶ መመዘንና በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው መጠን ማመሳከር ነው። ሚዛኑ ከሞላ ጥፋቱ ከጋዙ አይደለም። መሥመሩ ሲከፈት የገባ እርጥበትም ቀዳዳው ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል፤ መኪናው ጥቂት ሲያርፍ ይሟሟና ኤሲው እንደገና ይሠራል። በቫኪዩም ፓምፕ በደንብ ማድረቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ ግፊት መለኪያው አንድ ነገር። መለኪያው የሚያሳየው በጋዙና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 77 ገደማ ነው። ስለዚህ ያው ጋዝ አዲስ አበባ ላይ ከጅቡቲ ይልቅ 0.24 ባር ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ለባሕር ወለል በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ሲተረጎም በ0 ዲግሪ አካባቢ 2 ዲግሪ የሚያህል ስህተት ያመጣል። የብሎክ ቫልቩ ራሱ ግን በዲያፍራሙ በሁለቱም ወገን የታሸገ ጋዝ ስላለው የውጭው አየር ግፊት አይነካውም።