ትልቁ ፒስ ሊሊ፦ አስተዳደጉና እንክብካቤው

ፒስ ሊሊ ስፓቲፊለም ከተባለው የዕፅዋት ወገን የሚመደብ፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚቆይ የቤት ውስጥ ተክል ነው። የሚያንጸባርቅ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠልና ነጭ አበባ አለው። ጥላ ስለሚችል በቢሮ፣ በሆቴል መግቢያና በሳሎን በብዛት ይታያል። በገበያ የሚገኙት አብዛኞቹ ዓይነቶች ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርሱ ሲሆኑ፣ «ሴንሴሽን» የተባለው ትልቁ ዓይነት ግን ከ1.5 ሜትር በላይ ያድጋል፤ ቅጠሉም ሰፊና ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ያሉበት ነው። «ማውና ሎአ» የተባለው ደግሞ በመካከለኛና በትልቅ ቁመት መካከል ይመደባል።

ምደባና መነሻ

የወገኑን ስም በ1832 ያወጣው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ሊቅ ሃይንሪክ ቪልሄልም ሾት ነው። በወገኑ ሥር 50 ያህል ዝርያዎች ይታወቃሉ። አብዛኞቹ ከደቡብ ሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ባሉ ሞቃታማ ደኖች ሲበቅሉ፣ ጥቂቶቹ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በምዕራብ ፓስፊክ ደሴቶች ይገኛሉ። በቤት ውስጥ ከሚታወቁት ዝርያዎች አንዱ የሆነው ስፓቲፊለም ዋሊሲ የተሰየመው በኮሎምቢያ ዕፅዋት ይሰበስብ በነበረው ጀርመናዊ በጉስታቭ ዋሊስ ስም ነው።

ፒስ ሊሊ ሊሊ ቢባልም ከእውነተኞቹ ሊሊዎች ጋር ዝምድና የለውም። ቤተሰቡ አሬሲኤ ሲሆን፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለምግብ የሚውለው ጎደሬም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

በተፈጥሮ የሚበቅለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ብዙ ጊዜ በወንዝና በጅረት ዳር ነው። አፈሩ በረገፈ ቅጠል የበለጸገ፣ እርጥብ ሆኖም አየር የሚያስገባ ነው። ስለ ብርሃን፣ ስለ ውሃና ስለ ሙቀት ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ ከዚህ መኖሪያው የሚመነጭ ነው።

የአበባው አሠራር

ብዙ ሰው አበባ የሚለው ነጭ ክፍል በእርግጥ ቅርጹን የለወጠ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች በመካከሉ በቆመው ዘንግ ላይ ተጠጋግተው የተደረደሩ ጥቃቅን እብጠቶች ናቸው። ነጩ ክፍል ተጠቅልሎ ይወጣና ተከፍቶ ይነጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ በመጨረሻም ይጠወልጋል። በትውልድ አገሩ ወንድ የኦርኪድ ንቦች የአበባውን መዓዛ ለመሰብሰብ ይጎበኙታል።

ብርሃን

ተስማሚው ደማቅ ሆኖ ቀጥተኛ ያልሆነ ብርሃን ነው። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚገባበት ምሥራቃዊ መስኮት ወይም ስስ መጋረጃ ያለው ሌላ መስኮት ይበቃዋል። የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን አንጥቶ ያቃጥለዋል። ጨለም ባለ ጥግም ለረጅም ጊዜ በሕይወት ይቆያል፤ ነገር ግን አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ይቀንሳል፣ ማበቡንም ያቆማል። ትልቅ ተክል በራሱ ቅጠሎች ራሱን ስለሚጋርድ በየሁለት ሳምንቱ ማሰሮውን ጥቂት ማዞር አንድ ወገን ብቻ እንዳይረዝም ይረዳል። አቧራ ብርሃን ስለሚከለክል ሰፋፊዎቹን ቅጠሎች ከሥር በእጅ ደግፎ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

ውሃ

ፒስ ሊሊ ሲጠማ ቅጠሎቹ ባንድ ላይ ይዘነበላሉ። በሴሎቹ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ውሃ ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ በተደጋጋሚ ከደረሰበት ግን ሥሩ ይጎዳል፣ የታችኞቹ ቅጠሎችም ቢጫ ይሆናሉ።

ከጥማት ይልቅ ብዙ ተክል የሚገድለው የበዛ ውሃ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከተዘነበለ ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውሃ መጨመር ያባብሰዋል። የአፈሩ የላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርቅ ማጠጣት ይመከራል። ትንሽ ማሰሮን አንስቶ በክብደቱ መገመት ይቻላል፤ ትልቁን ግን ማንሳት ስለማይቻል ደረቅ የእንጨት ዘንግ ወደ ታች ሰክቶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይጠቅማል። ዘንጉ ጠቁሮና አፈር ይዞ ከወጣ ታች ገና እርጥበት አለ ማለት ነው። ሲያጠጡም በታች እስኪፈስ አጠጥቶ፣ በሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን መድፋት ያስፈልጋል።

የቅጠል ጫፍ ቡናማ መሆን ብዙውን ጊዜ ከድርቀት፣ ከጨው ክምችት ወይም በውሃው ውስጥ ካሉ ማዕድናት ይመጣል። ተክሉ በፍሎራይድ በቀላሉ ከሚጎዱት መካከል ይቆጠራል። የከርሰ ምድር ውሃው ብዙ ፍሎራይድ በያዘባቸው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ መጠቀም የተሻለ ነው።

አፈርና ማሰሮ

አፈሩ እርጥበት የሚይዝ ግን የማይጠቀጠቅ መሆን አለበት። የበሰለ ብስባሽ፣ የኮኮናት ገለባና እንደ ፐርላይት ወይም በደንብ የተከካ ቀይ አሽ ያለ ቀላል ነገር ተቀላቅሎ ይሠራል። ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ አይመከርም። ከታች ጠጠር መደርደርም ቀዳዳን አይተካም፤ ውሃው ወደ ጠጠሩ የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ከጠገበ በኋላ ብቻ ስለሆነ ሥሩ በጠገበው አፈር ውስጥ ይቆያል።

ማሰሮው በሥር ሲሞላና ውሃ ሳይሰርግ ሲያልፍ ከቀድሞው ጥቂት ብቻ ወደሚሰፋ ማሰሮ ይዛወራል። እጅግ የሰፋ ማሰሮ ሥር ያልደረሰበትን አፈር ለረጅም ጊዜ እርጥብ አድርጎ ስለሚያቆይ ለመበስበስ ይዳርጋል።

ሙቀትና የአየር እርጥበት

ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል፤ ከ12 ዲግሪ በታች የቆየ ቅዝቃዜ ይጎዳዋል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋ ከተሞች ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ቅጠሉን ከመስኮት መስታወት ማራቅ ይገባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የማቀዝቀዣ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ደግሞ የክረምት ማሞቂያ ደረቅ አየር በቀጥታ እንዳይነፍስበት ማድረግ ያስፈልጋል። በቅጠል ላይ ውሃ መርጨት የአየሩን እርጥበት የሚጨምረው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

ማዳበሪያና ማበብ

በዕድገቱ ወራት በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ በግማሽ የቀጠነ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይበቃዋል። ከመጠን ያለፈ ማዳበሪያ ጫፉን ያቃጥላል።

አምራቾች ተክሉ በሚፈልጉት ጊዜ እንዲያብብ ጂበሬሊክ አሲድ የተባለ የዕድገት ሆርሞን ይረጫሉ። በአበባ ተሞልቶ የተገዛ ተክል ቤት ገብቶ ለረጅም ጊዜ ሳያብብ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በራሱ ጊዜ እንዲያብብ መፍትሔው ብርሃኑን ማሻሻል እንጂ ማዳበሪያ ማብዛት አይደለም። የደረቀው አበባ ከነአገዳው ከሥር ይቆረጣል።

ማባዛት

ቤት ውስጥ የሚባዛው ተክሉን ከነሥሩ በመክፈል ነው። ትልቁን ተክል ለሁለት ሆኖ ማሰሮውን በጎኑ አስተኝቶ ማውጣት ይቀላል። አፈሩ ረገፍ ከተደረገ በኋላ ችግኞቹ የሚለያዩበት ቦታ ይታያል፤ እዚያ ላይ በንጹሕ ቢላ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ክፋይ የራሱ ሥርና ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ሊኖረው ይገባል። ቅጠል ብቻውን ቢተከል አይበቅልም።

በሽታና ተባይ

በችግኝ ጣቢያዎች ከሚፈሩት አንዱ ካሎኔክትሪያ ስፓቲፊሊ የተባለ ፈንገስ የሚያስከትለው የሥር መበስበስ ነው። ጎደሬን የሚያጠቃው የሞዛይክ ቫይረስ ፒስ ሊሊንም ይይዛል፤ በክሽክሽና በተበከለ ችግኝ ይተላለፋል። ቤት ውስጥ የሚያጋጥሙት ተባዮች ሚሊበግ፣ ቅርፊታም ተባይና ቀይ ሸረሪት ናቸው። በቅጠሉ ጀርባና በአገዳው ሥር ስለሚደበቁ እዚያ መፈተሽና በሳሙና ውሃ ማጠብ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

መርዛማነት

ሁሉም ክፍሎቹ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌ መሳይ ክሪስታሎችን ይይዛሉ። በደንብ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ የሚከረክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሕፃን ወይም የቤት እንስሳ ቢያኝከው አፍ ያቃጥላል፣ ለሃጭ ያዝረከርካል፣ አንዳንዴም ያስመልሳል። እንደ እውነተኞቹ ሊሊዎች ድመትን ለኩላሊት ውድቀት ባይዳርግም ሕፃናትና የቤት እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

አየር ያጠራል መባሉ

ይህ ዝና የመጣው ናሳ በ1989 ካወጣውና በቢል ዎልቨርተን ከተመራው ጥናት ነው። ጥናቱ ፒስ ሊሊን ጨምሮ የተለያዩ ተክሎች በታሸጉ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ቤንዘንና ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉ ጋዞችን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ሰው የሚኖርበት ቤት ግን የታሸገ አይደለም። በ2019 የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀደምት ሙከራዎችን መርምረው፣ አየር ወደ ቤት ሲገባና ሲወጣ የሚገኘውን ያህል ጽዳት ለማግኘት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልተዋል። ስለዚህ ፒስ ሊሊ የሚተከለው ለውበቱ ነው፤ ለቤት አየር ግን መስኮት መክፈት ይበልጣል።