ስለ እንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ዘመናት አከፋፈል

ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲያጠና ከሁሉ አስቀድሞ በቃሉ የሚይዘው የዘመናቱን ስምና ዓመተ ምሕረት ነው። ይህ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ስሙን ይዞ ምክንያቱን ያልመረመረ ተማሪ፣ ጥያቄው ጥቂት ዘወር ብሎ የቀረበለት እንደ ሆነ የሚመልሰውን ያጣል። ስለዚህ የዘመናቱ አከፋፈል ከምን እንደ መጣ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባን፣ ዘመናቱ በአንድ ሚዛን የተሰየሙ አለመሆናቸውን ነው። አንዳንዱ ስሙን ያገኘው ከነገሥታት ነው፤ የኤልሳቤጥ ዘመን (ከ1558 እስከ 1603) እና የቪክቶሪያ ዘመን (ከ1837 እስከ 1901) የዚህ ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ከመንግሥት ለውጥ የመጣ ነው፤ ይኸውም ዳግማዊ ቻርልስ በ1660 ከስደት ተመልሶ ዙፋኑን ሲይዝ የጀመረው የዘውድ መመለስ ዘመን ነው። የሮማንቲክ ዘመን ግን የተሰየመው በደራሲዎቹ መንፈስ ነው፤ ስሙንም ያወጡላቸው ኋላ የተነሡ ሰዎች እንጂ ባለቅኔዎቹ ራሳቸው አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ወሰን በስተኋላ ምክንያት አለ። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ በተራው ሕዝብ አፍ ቀረ። በ1362 ግን የፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ እንዲሆን በሕግ ታዘዘ። ቾሰር በእንግሊዝኛ የገጠመው ቋንቋው እንዲህ ወደ ክብሩ በሚመለስበት ጊዜ ነበር። እንደዚሁም ፓርላማው በ1642 ቴአትር ቤቶችን ስለ ዘጋ፣ ከ1660 በኋላ የታየው ድራማ ከሼክስፒር ዘመን ድራማ በብዙ ነገር የተለየ ሆነ።

የሁለት ንቅናቄዎችን ልዩነት ለመረዳት የአገራችንን ስም የሚያነሡ ሁለት ድርሰቶች ጥሩ ምስክር ናቸው። ሳሙኤል ጆንሰን የፖርቱጋላዊውን የሎቦን የሐበሻ ጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጕሞ በ1735 አሳተመ፤ በ1759 ደግሞ «ራስላስ» የተባለውን የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ አወጣ። የአገራችንን ልማድ በዚህ መጽሐፍ የሚፈልግ አንባቢ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት፣ የጆንሰን ዘመን ደራሲዎች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት ለሰው ልጅ ሁሉ የሚሆነውን እውነት በመሆኑ ነው፤ ልዑሉም ከተከለለበት ሸለቆ ወጥቶ የትኛው ኑሮ ደስታ እንደሚሰጥ ይመረምራል። ኮልሪጅ በ1816 ባሳተመው «ኩብላ ካን» ግን የሐበሻ ልጃገረድ በራእይ ትታያለች፤ ባለ አውታር መሣሪያ እየመታች ትዘምራለች። በዚያ ምርመራ የለም፤ ሕልምና ናፍቆት ነው ያለው። የተጠራው አገር አንድ ሲሆን የተፈለገው ነገር ግን ተለያየ። ተማሪው እነዚህን ሁለቱን አንብቦ ቢያስተያይ፣ የሮማንቲክን ትርጕም ዐሥር ጊዜ ከመጻፍ ይልቅ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻም ወሰን የሚዘሉ ደራሲዎችን መርሳት አይገባም። የክሮምዌል መንግሥት የውጭ ቋንቋ ጸሐፊ የነበረው ሚልተን «የጠፋችው ገነት»ን ያሳተመው ዘውዱ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1667 ነው። ዎርድስዎርዝ ከቪክቶሪያ ንግሥና በኋላ 13 ዓመት ኖሮ በ1850 ሞተ። ሆፕኪንስ በ1889 ሲሞት፣ ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው የወጡት ግን በ1918 ነው። ፈታኙ እነዚህን ከየትኛው ዘመን እንደምንመድባቸው ቢጠይቅ፣ ዓመተ ምሕረት ብቻውን መልስ አይሆንም።

እንግዲህ ተማሪ በየዘመኑ አራት ነገር ይያዝ እንላለን፦ የስሙን ምንጭ፣ የለውጡን ምክንያት፣ ራሱ ያነበበውን አንድ ድርሰትና ከወሰኑ የዘለለ አንድ ደራሲ። ሦስቱን ከመምህሩ ሊሰማ ይችላል፤ ንባቡን ግን ማንም ሊያነብለት አይችልም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ጥናት ይሠራል።