ፋይልን ቀድሞ ወደ ማህደረ ትውስታ መጫን፦ ምንነቱ፣ ጥቅሙና ገደቡ

ማለዳ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት የገባ ባለጉዳይ መዝገቡ ከኮምፒውተር እስኪከፈት ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል። ከእርሱ ቀጥሎ የተሰለፈው ግን ጉዳዩ በዚያው ፋይል ውስጥ ከሆነ ወዲያው ይስተናገዳል። ኮምፒውተሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መረጃው ያለበት ቦታ ነው።

ሁለቱ ማከማቻዎች

ኮምፒውተር መረጃን በሁለት ቦታ ይይዛል። አንደኛው መብራት ቢጠፋም መረጃን ጠብቆ የሚያቆየው ዲስክ ነው። ሁለተኛው ራም የሚባለው ማህደረ ትውስታ ሲሆን፣ ፈጣን ቢሆንም ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ያጣል። ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድን መረጃ ፈልጎ ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከራም ለማንበብ ግን የሰከንድ 1 ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም።

በዚህ ምክንያት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ቅጂ ሥራ ባልያዘው የራም ክፍል ያቆየዋል። ይህም መሸጎጫ ይባላል። ቀድሞ መጫን ማለት ደግሞ ነጋዴ በገበያ ዋዜማ እህሉን ከመጋዘን ወደ ሱቁ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ተጠቃሚው ሳይጠይቅ ፋይሉን ወደ መሸጎጫው ማምጣት ነው።

አሠራሩ

በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ አንድ ፕሮግራም ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች የሚያነባቸውን ፋይሎች መዝግቦ፣ በቀጣዩ ጊዜ በአንድነት ያመጣቸው ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ ሱፐርፌች በተሰኘው አገልግሎት ይህን አሳድጎ፣ ተጠቃሚው በየትኛው ሰዓትና ቀን ምን እንደሚከፍት እያጠና ቀድሞ ማዘጋጀት ጀመረ። አገልግሎቱ በኋላ ሲስሜይን ተብሏል።

ሊኑክስ በበኩሉ አንድ ፋይል በቅደም ተከተል እየተነበበ መሆኑን ሲረዳ ቀጣዩን ክፍል አስቀድሞ ያነባል። ባለሙያም ቪኤምተችን በመሰሉ ፕሮግራሞች የሚፈልገውን ፋይል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራሱ ሊጭን ይችላል።

ገደቡና ጥንቃቄው

ዘዴው ትርፍ ራም ይፈልጋል። ፋይሉ ከትርፉ ራም የሚበልጥ ከሆነ አዲሱ ሲገባ የቀደመው ስለሚወጣ ጥቅሙ ይቀንሳል። ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ ባላቸው ኮምፒውተሮችም ልዩነቱ ያንሳል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ደግሞ ጭነቱ እንደገና መጀመር አለበት።

በመሸጎጫው ምክንያት ራም የሞላ መስሎ ቢታይ ብልሽት አይደለም። ሌላ ፕሮግራም ቦታ ሲፈልግ ሲስተሙ መሸጎጫውን ይለቅለታል። ስለዚህ ተጨማሪ ራም ከመግዛት ወይም «ራም አጽጂ» የተባለ ፕሮግራም ከመጫን በፊት፣ መሸጎጫውን ጨምሮ ለሥራ ሊውል የሚችለው መጠን ምን ያህል እንደሆነ ማየት ይገባል። መሸጎጫን በየጊዜው ማጽዳት ኮምፒውተሩን መልሶ ወደ ዲስክ ስለሚያመላልሰው ያዘገየዋል።

ከዲስክ የመጣ ቅጂ መብራት ሲቋረጥ ቢጠፋ ጉዳት የለውም፤ ዋናው በዲስክ አለ። አዲስ የተጻፈ መረጃ ግን ወደ ዲስክ እስኪወርድ ለጥቂት ጊዜ በራም ብቻ ሊቆይ ይችላል፤ በሊኑክስ ይህ ጊዜ እስከ 30 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ስለሆነም መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሥራን ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ፣ ኮምፒውተሩንም ገመድ ከመንቀል ይልቅ በሥርዓቱ ማጥፋት የባለጉዳዩን መዝገብ ከመጥፋት ይታደጋል።