የዝግ ማኅበራት የሙዚቃ ልውውጥ፤ ከ1999 እስከ 2016

የታሪክ ተማሪ ሥራ በመንግሥት ጽሕፈት ቤትና በገዳም ዕቃ ቤት የተቀመጠውን መዝገብ መመርመር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የሰው ልጅ ከሠራው አብዛኛው ከእጃችን ባመለጠ ነበር። በሕግ ፊት ስማቸው የሚነሣው ለክስ ብቻ የሆነ ሰዎች ታላላቅ መዛግብትን ያዘጋጁበት ጊዜ አለ። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኢንተርኔት አማካይነት የሙዚቃ ፋይል ይለዋወጡ የነበሩት ዝግ ማኅበራት ከእንደነዚህ ያሉት ወገን ናቸው። ጥናቱ የሚመረምራቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ያለ ባለመብቶቹ ፈቃድ ሙዚቃ እየገለበጡ እንዴት ይህን ያህል ሰፊና ጥንቁቅ የሙዚቃ ዝርዝር ሊያዘጋጁ ቻሉ? ሁለተኛ፣ ማኅበራቱ ሲዘጉ የጠፋው ምንድን ነው? በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. የነገሩ መነሻ

ሙዚቃ በሸክላና በካሴት በሚሰማበት ዘመን፣ ከቅጂ ላይ ቅጂ በተቀዳ ቁጥር ድምፁ እየደከመ ይሄድ ነበር። በ1980ዎቹ የተስፋፋው ሲዲ ግን ድምፁን በቁጥር ስለሚመዘግብ፣ በትክክል ከተገለበጠ የመጀመሪያውና የመቶኛው ቅጂ ልዩነት የላቸውም። በ1990ዎቹ ደግሞ በጀርመን አገር የፍራውንሆፈር ተቋም ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ያዘጋጁት ኤምፒ3 የተባለው ዘዴ በሕዝብ እጅ ገባ። ይህ ዘዴ ጆሮ እምብዛም የማይለየውን ድምፅ እየጣለ ፋይሉን ወደ አንድ አሥረኛ ግድም ያሳንሰዋል። ስለዚህ አንድ ዘፈን በስልክ መሥመር ሊላክ የሚችል ነገር ሆነ።

በሰኔ 1999 ሾን ፋኒንግ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ናፕስተር የሚባለውን ፕሮግራም አወጣ። በናፕስተር ዘፈኖቹ በየተጠቃሚው ኮምፒዩተር ይቀመጣሉ፤ ማን ምን እንዳለው የሚያሳየው ዝርዝር ግን በኩባንያው ዘንድ በአንድ ቦታ ይገኝ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1999 ታላላቆቹ የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያዎች ከሰሱት፤ በየካቲት 2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በዋናው ነጥብ ፈረደበት፤ በሐምሌ 2001ም ልውውጡ ቆመ።

ናፕስተር ሁለት ጉድለቶችን ትቶ አለፈ። የመጀመሪያው በሩ ለሁሉ ክፍት ስለነበረ የሚወስደው ብዙ፣ የሚሰጠው ጥቂት መሆኑ ነው። ሁለተኛው የፋይሎቹ ሁኔታ ነው፤ የዘፋኙ ስም የተሳሳተ፣ መጨረሻው የተቆረጠ፣ ድምፁ የተበላሸ ዘፈን ሞልቶ ነበር። በኋላ የተነሡት ማኅበራት ደንባቸውን የሠሩት እነዚህን ሁለት ጉድለቶች ለማረም ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዚያው በ2001 ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ቢትቶረንትን ፈጠረ። በዚህ ዘዴ አንድ ፋይል ወደ ብዙ ቁራሾች ይከፋፈላል፤ ተቀባዩም ሙሉውን እስኪያገኝ ሳይጠብቅ የደረሰውን ቁራሽ ለሌላው ያስተላልፋል። ነገሩ ደቦ ላይ ድንጋይ እየተቀባበሉ እንደማሳለፍ ነው። ተቀባዩ ሲበዛ ሥራው ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። ማን የትኛውን ፋይል እንደያዘ የሚያገናኘው ማእከል ትራከር ይባላል። ትራከሩ ራሱ ሙዚቃ አያስቀምጥም፤ ባለፋይሎቹን ያስተዋውቃል።

2. የማኅበራቱ ሥርዓት

በ2004 አለን ኤሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ኦይንክ የተባለውን ዝግ ትራከር አቋቋመ። ወደዚህ ማኅበር ለመግባት የነባር አባል ግብዣ ያስፈልግ ነበር። እንደዚያም ሆኖ በ2007 የአባላቱ ቁጥር ወደ 180 ሺህ ደርሶ ነበር። ናይን ኢንች ኔልስ የተባለው የሙዚቃ ጓድ መሪ ትሬንት ሬዝነር፣ እርሱ ራሱ የኦይንክ አባል እንደነበረ በ2007 ለጋዜጠኛ ሲናገር አልሸሸገም። ሥራው የሚገለበጥበት ሰው የገልባጮቹ ማኅበር አባል መሆኑ፣ ነገሩ በሌባና በባለንብረት መካከል ብቻ የቆመ እንዳልነበረ ያሳያል።

ደንቡን ለመረዳት የአገራችን ሰው ከሚያውቀው ነገር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ግብዣው እንደ ዋስትና ነበር፤ የተጋበዘው ሰው ደንብ ቢያፈርስ ጋባዡም ሊጠየቅ ይችላል። ከኦይንክ በኋላ በተነሣው ዋት ሲዲ በተባለው ማኅበር ደግሞ ጋባዥ ያጣ ሰው ስለ ፋይል ዓይነቶችና ስለ ድምፅ ጥራት በጽሑፍ ቃለ መጠይቅ ይፈተን ነበር። ከገባ በኋላ የወሰደውና የሰጠው መጠን በስሙ ይመዘገባል። ወስዶ የማይመልስ ሰው ዕቁብ በልቶ እንደጠፋ ሰው ይቆጠራል፤ መጀመሪያ ይነገረዋል፣ ቀጥሎ ከመውሰድ ይታገዳል።

ስለ ጥራት የነበረው ደንብም ጥብቅ ነበር። ከሲዲው ላይ ምንም ድምፅ ሳይጣል በሙሉ የሚገለበጥበት ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ይመረጥ ነበር፤ ገልባጩም ቅጂው ያለ ስሕተት መፈጸሙን የሚመሰክረውን የፕሮግራሙን ማስታወሻ አብሮ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የተጠቀለለን ፋይል እንደገና ጠቅልሎ እንደ ንጹሕ ቅጂ ማቅረብ የሚያስቀጣ ጥፋት ነበር። ለእያንዳንዱ አልበምም የወጣበት ዓመት፣ አሳታሚው፣ የኅትመት ቁጥሩ፣ የመጀመሪያው ወይም የኋላው ዕትም መሆኑ ይመዘገብ ነበር። ይህ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ መዝጋቢ የሚሠራው ሥራ ነው።

3. ዝርዝሩ ስለ ምን ሰፋ?

አንዳንድ ሰው የዝርዝሩን ስፋት ለሙዚቃ ካላቸው ፍቅር የመነጨ ነው ይል ይሆናል። ፍቅሩ እውነት ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንዱ አባል የወሰደው ሁሉ ሌላው አባል የሰጠው ስለሆነ፣ በማኅበሩ በጠቅላላ የተሰጠውና የተወሰደው እኩል ነው። አንድ ሰው 300 ሜጋባይት የሆነ አልበም አምጥቶ ለሦስት ሰዎች በቀጥታ ቢያድል 900 ይመዘገብለታል፤ ሦስቱም እያንዳንዳቸው የ300 ባለዕዳ ይሆናሉ። አንዱ በተረፈው ልክ ሌላው ይጎድልበታል ማለት ነው።

ታዲያ ባለዕዳው ዕዳውን በምን ይክፈል? ታዋቂ የሆነውን አልበም ብዙ ሰዎች ስለያዙት ከአዲስ ገቢው የሚወስድ አይገኝም። የሚያዋጣው ማንም ያላመጣውን ማምጣት ነው። ስለዚህ አባላቱ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ አሮጌ ሸክላ ሻጮች፣ ወደ ወላጆቻቸው ሣጥን ሄዱ። አሳታሚዎቻቸው የተዘጉ፣ ዳግመኛ ያልታተሙ ሸክላዎች እየተፈለጉ ተገለበጡ። አንድ የተፈለገ ነገር ሲኖርም አባላት ከተጠራቀመላቸው ቀንሰው ለአምጪው ሽልማት ያስይዙ ነበር። በ2013 የአሜሪካዊው ደራሲ የሳሊንጀር ሦስት ያልታተሙ ታሪኮች ብቅ ያሉት በዚሁ በዋት ሲዲ ነው። ሥርዓቱ ብርቅ የሆነውን ነገር ከተደበቀበት ለማውጣት ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ከዚህ ይታያል፤ ጸሐፊው ሊያሳትመው ያልፈቀደውንም ጭምር ማውጣቱ የጥያቄው ሌላ ገጽ ነው።

4. መዘጋታቸው

በ23 ጥቅምት 2007 የእንግሊዝና የሆላንድ ፖሊሶች ኦይንክን ዘጉ፤ በአምስተርዳም የነበሩት ሰርቨሮች ተያዙ፤ መሥራቹም ታሰረ። ዐቃቤ ሕግ በማጭበርበር ስምምነት ከሰሰው፤ ከአባላት መዋጮ የተሰበሰበውንም ገንዘብ አንሥቶ ተከራከረ። ተከሳሹ ግን ማኅበሩ ሰዎችን ከማገናኘት በቀር ሙዚቃ አላስቀመጠም ሲል ተከላከለ። በጥር 2010 በቲሳይድ ፍርድ ቤት የተቀመጠው ጁሪ ነፃ አሰናበተው።

መዘጋቱ የታሰበውን ውጤት አላመጣም። ኦይንክ በተዘጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋት ሲዲን የመሰሉ ተተኪዎች ተነሡ። ዋት ሲዲም ዘጠኝ ዓመት ኖሮ ዝርዝሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በ17 ኅዳር 2016 ግን የፈረንሳይ ባለ ሥልጣኖች ከሰርቨሮቹ የተወሰኑትን መያዛቸው ተሰማ፤ አስተዳዳሪዎቹም የአባላቱ መረጃ በሌላ እጅ እንዳይገባ ሁሉን ማጥፋታቸውን አስታወቁ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያ ቀን ከሙዚቃው አንድም ዘፈን በቀጥታ አለመጥፋቱ ነው። ፋይሎቹ በየአባላቱ ቤት ነበሩ። የጠፋው ዝርዝሩ ነው፤ የትኛው ዕትም ከየትኛው እንደሚለይ፣ የትኛው ቅጂ ንጹሕ እንደሆነ፣ ማን ምን እንደያዘ የሚያስረዳው የዘጠኝ ዓመት የእጅ ሥራ ነው።

5. ፍርዱ ወዴት ያዘነብላል?

የባለመብቶቹ አቤቱታ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ አገር የሙዚቃ ኅትመት ገቢ በ1999 14.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2014 ግን ወደ 7 ቢሊዮን ግድም ወርዶ ነበር። የመውረዱ ምክንያት መገልበጥ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሰው ሙሉ አልበም ትቶ ነጠላ ዘፈን መግዛት መጀመሩም ድርሻ አለው። ሆኖም ዘፋኙ፣ ደራሲውና መሣሪያ ተጫዋቹ የላባቸውን ዋጋ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የኢትዮጵያም ሕግ ይህን ያውቃል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጓል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410ም መብቱን አስፍቶታል።

በሌላ በኩል የሸክላ ታሪካችን የሚያስተምረን ነገር አለ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ዐምሃ እሸቴ በ1969 ያንን ገደብ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። ዛሬ ዓለም ኢትዮፒክስ በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ከሚያውቀው የአዲስ አበባ ሙዚቃ ብዙው በዚህ ድፍረት የተገኘ ነው። ግን ልዩነቱን ማደባለቅ አይገባም፤ ዐምሃ አዲስ ሥራ አሳተመ እንጂ የሌላውን አልገለበጠም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው፣ ብቸኛ መብት የተሰጠው ወገን ሥራውን ሳይሠራው ሲቀር ሌላው ከሕግ ወጥቶ መሥራቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት አሳብ ይህ ነው። ማኅበራቱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ጣራ ሥር አኖሩ፤ አንደኛው ያለ ፈቃድ መገልበጥ፣ ሁለተኛው መመዝገብ ነበር። ገልባጩ ሲከሰስ መዝጋቢውም አብሮ ጠፋ። ስለ አንድ አልበም ዓመቱን፣ አሳታሚውንና ተጫዋቾቹን መመዝገብ ግን የማንንም መብት አይነካም፤ ለብቻው ተይዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለተመራማሪ በተረፈ ነበር።

በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያሉት ሸክላዎችና ካሴቶች ብዙዎቹ ሽፋናቸው የወደቀ፣ ተጫዋቾቻቸውን የሚያውቅ ሰው እያረጀ የሚሄድ ነው። ከእነርሱ አንዱንም ሳንገለብጥ የዘፋኙን፣ የባንዱን፣ የአሳታሚውን ስምና የኅትመት ቁጥሩን በደብተር ማስፈር እንችላለን። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደየአገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በቤተሰቡ ዘንድ ያለውን እንዲህ መዝግቦ ቢመለስና ደብተሮቹ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ቢሰበሰቡ፣ ሥራውን ያለ አንዳች ክስ ልንጀምር እንችላለን።