ገቢና ደስታ፦ የካርቱሙ ዐማራት ምን ያስተምራል?

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላሉ አበው። በሱዳን መዲና ካርቱም፣ ዐማራት በሚባለው ሰፈር፣ ይህ ብሂል ለብዙ ዓመታት ቃል በቃል የሚሠራ ይመስል ነበር። ሰፈሩ የከተማዋ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ነው፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ የጉዞ ወጪ የማያስጨንቃቸው ነበሩ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲቀሰቀስ ግን ከመጀመሪያዎቹ የጦር ዐውድማዎች አንዱ ይኸው አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። የሰማዩ መንገድ ለባለጸጋውም ለድኻውም በአንድ ቀን ተዘጋ።

ገቢና ደስታ ምን ያህል ይተሳሰራሉ የሚለው ጥያቄ የምጣኔ ሀብትና የሥነ ልቡና ሊቃውንትን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አከራክሯል። የዐማራትና የጎረቤቱ ሰፈር ታሪክ የክርክሩን ዋና ዋና ነጥቦች በቅርብ ያሳያል።

ሁለቱ ጎረቤታሞች

ዐማራት የሚለው ስም በዐረብኛ «ሕንጻዎች» ማለት ሲሆን ከአማራ ሕዝብ ስም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በቁጥር በሚጠሩት ጎዳናዎቹ ኤምባሲዎች፣ የረድኤት ድርጅቶች ቢሮዎችና ሰፋፊ ቪላዎች ይገኙ ነበር። ሱዳን በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ከጀመረች በኋላ የተገኘው ሀብት በጉልህ የታየውም እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ነው።

አጎራባቹ ዴም በአንጻሩ የሠራተኞች መንደር ሆኖ ያደገ ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት የኖሩበት፣ የእንጀራ ቤትና የቡና ሥርዓት የማይጠፋበት ሰፈር ነበር። በካርቱም ባለጸጎች ቤት ምግብ በማብሰል፣ ልጅ በማሳደግና ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያት ጥቂት አልነበሩም። ከደመወዛቸው ቆጥበው አገር ቤት ላለው ቤተሰብ የሚልኩም ነበሩ።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሪቻርድ ኢስተርሊን በ1974 አንድ እንቆቅልሽ አቀረበ። በአንድ አገር ውስጥ ሀብታሞች ከድኾች ይልቅ ደስተኞች ናቸው፤ ይሁን እንጂ የአገሪቱ ጠቅላላ ገቢ በዘመናት ሲያድግ የሕዝቡ አማካይ ደስታ አብሮ አያድግም። ሌሎች ተመራማሪዎች በ2008 ድምዳሜውን ቢሞግቱም ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

የኖቤል ተሸላሚዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ የሰዎች ዕለታዊ ስሜት ከገቢ ጋር የሚሻሻለው በዓመት እስከ 75 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ መሆኑን ገለጹ። ማቲው ኪሊንግስዎርዝ በ2021 ይህን የሚቃረን ውጤት ሲያገኝ፣ ሁለቱ ወገኖች ተባብረው መረጃውን እንደገና መረመሩ። በ2023 የደረሱበት ድምዳሜ፣ ለአብዛኛው ሰው ደስታ ከገቢ ጋር ማደጉን ይቀጥላል፤ በጥልቅ ላዘኑት ጥቂቶች ግን ገቢ ከ100 ሺህ ዶላር ገደማ በላይ ሲሆን ያን ያህል አይጠቅምም የሚል ነው።

በጥናቶቹ ጎልቶ የሚታየው የገቢ ዕድገት የሚለካው በመጠኑ ሳይሆን በእጥፉ መሆኑ ነው። በወር 3,000 ብር ለሚያገኝ ሰው የ1,000 ብር ጭማሪ ኑሮን ይለውጣል። 100,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ግን እምብዛም አይሰማም።

ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ሰው ገቢውን ከጎረቤቱ ጋር ያነጻጽራል። የ2018ቱ የዓለም የደስታ ሪፖርት ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሱ ቻይናውያንን ሁኔታ መርምሮ፣ ገቢያቸው ቢጨምርም በአማካይ ገጠር ከቀሩት ያነሰ ደስታ እንዳላቸው አሳይቷል። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ፍልሰተኛው ራሱን ከቀድሞ መንደሩ ሰው ጋር ማወዳደር ትቶ ከከተሜው ጋር ማወዳደር መጀመሩ ነው።

በባለጸጋ ቤት የምትሠራ ስደተኛም በሁለት ሚዛን መካከል ትኖራለች። አገር ቤት የምትልከው ገንዘብ ቤተሰቧን የሚያስከብር ሲሆን፣ በየቀኑ የምታየው ግን የአሠሪዎቿን ኑሮ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ደመወዝ በአንዱ ሚዛን ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ሊሆን ይችላል።

ገንዘብ የሚቆምበት መሠረት

የደስታ ሪፖርቱ ሰዎች ኑሯቸውን ከ0 እስከ 10 ባለው መሰላል ላይ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። ውጤቱንም ከገቢ በተጨማሪ በችግር ጊዜ ከሚደርስ ወገን፣ ከጤና፣ ከነጻነት፣ ከልግስናና ከሙስና ጋር አያይዞ ይተነትናል። በ2025 ኮስታ ሪካ ስድስተኛ ስትሆን እጅግ የምትበልጣት ባለጸጋዋ አሜሪካ 24ኛ ሆናለች።

በሱዳን የገቢ መሠረት የተናጋው ከጦርነቱ አስቀድሞ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትገነጠል አብዛኛው ነዳጅ አብሮ ሄደ። በፌብሩዋሪ 2021 የአንድ ዶላር ይፋዊ ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 የሱዳን ፓውንድ ተቀየረ። በፓውንድ ተከፍሎት ወደ አገሩ ለሚልክ ሠራተኛ፣ የደመወዙ ቁጥር ሳይነካ ዋጋው ረከሰ።

ጦርነቱ ሲመጣ በካርቱም ብዙ ቤቶች ተዘረፉ፤ የቪላ ባለቤትም የቤት ሠራተኛም መንገድ ላይ ወጡ። ያኔም ቢሆን ገንዘብ ዋጋ አላጣም። ወደ ግብፅ የሚወስደው የአውቶቡስ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲንር መክፈል የቻለ ሄደ፤ ያልቻለ ቀረ። ከኢትዮጵያውያኑም ብዙዎች በገዳሪፍ አድርገው ወደ መተማ ያቀኑት ባጠራቀሙት ጥሪት ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ገንዘብ ደስታን አያመጣም የሚል አይደለም። ለድኻ ጥቂት ጭማሪ ብዙ ያደርጋል፤ በክፉ ቀንም ማምለጫ ይሆናል። ነገር ግን ገቢ ወደ ተረጋጋ ኑሮ የሚለወጠው ሰላም ሲኖር፣ ገንዘቡ ዋጋውን ሲጠብቅና በችግር ጊዜ የሚደርስ ሰው ሲገኝ ነው። እነዚህን ደግሞ የዐማራት ነዋሪም ሆነ የዴም ነዋሪ ለብቻው በደመወዙ ሊገዛቸው አልቻለም።